ክብደቱ ሲመለስ፤ ሁለተኛ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ከመወሰን በፊት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው፡፡ ውፍረቱን ለመቀነስ ሲል ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሰ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክብደቱ ሲመለስበት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አሁን ደግሞ የትኛውን ቀዶ ሕክምና ልሠራ?» የሚለውን ነው፡፡ ይህ ጥያቄ ግን ከሥሩ አልተነሣም፡፡ ከእሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፡፡ አንደኛው «የመጀመሪያው ለምን ሳይሳካ ቀረ?» የሚል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ «ከሁለተኛው በኋላ የምመለሰው ወደ ምን ዓይነት ኑሮ ነው?» የሚል ነው፡፡ ነዋሪነቱ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከዋና ከተማው በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ ከተማ ለሆነ ሰው፣ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ያላነሰ ክብደት አለው፡፡

በአገራችን ስለ ውፍረት ማውራት ለረዥም ጊዜ እንደ ቅንጦት ሲታይ ኖሯል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች ቀጭን ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ፡፡ በከተሞች ግን የኋለኛው ቁጥር ከአምስት ሴቶች ወደ አንዷ ይጠጋል፡፡ ከውፍረቱ ጋር ስኳር፣ የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም ይከተላሉ፡፡ አቅሙ ያላቸው፣ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች መፍትሔውን በቀዶ ሕክምና መፈለጋቸው የሚያስደንቅ አይደለም፡፡

ጉዳዩን ለማብራራት ያህል አንዲት በሐሳብ የተፈጠሩ ወይዘሮ እንውሰድ፡፡ የ42 ዓመት የባንክ ባለሙያና የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ናቸው፡፡ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ65 ነው፡፡ ከአምስት ዓመት በፊት 118 ኪሎ ሳሉ ውጭ አገር ሄደው «ስሊቭ» የሚባለውን፣ ማለትም አብዛኛው የጨጓራ ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ቀሪው እንደ ጠባብ ቱቦ የሚደረግበትን ቀዶ ሕክምና አደረጉ፡፡ በዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 82 ኪሎ ወረዱ፡፡ ዛሬ 101 ኪሎ ናቸው፡፡ ሌሊት ቃር ይቀሰቅሳቸዋል፡፡ ያሠሩበት የሕክምና ማዕከል «ወደ ባይፓስ እንለውጥልዎ» ብሏቸዋል፡፡ ይቀበሉ ወይስ ይተዉ?

«ሳይሳካ ቀረ» የሚባለው መቼ ነው?

ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ የተወሰነ ኪሎ መመለሱ የሚጠበቅ ነገር እንጂ ውድቀት አይደለም፡፡ ሰውነት የለመደውን ክብደት ለማስመለስ ይታገላል፤ የረሃብ ስሜት ይጨምራል፣ ጉልበት የሚያቃጥልበትንም መጠን ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው «ሆዳም ስለሆነ ነው» ብሎ መፍረድ ከእውነቱ የራቀ ነው፡፡

የሚዛኑ ቁጥርም ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም፡፡ ወይዘሮዋ 19 ኪሎ ተመልሶባቸዋል፤ ሆኖም ከመነሻቸው ዛሬም በ17 ኪሎ ያነሱ ናቸው፡፡ ስኳራቸው በአነስተኛ መድኃኒት የሚያዝ ከሆነ፣ ግፊታቸውም ከወረደ የመጀመሪያው ሕክምና የሠራው ሥራ አለ ማለት ነው፡፡ በአንጻሩ ክብደታቸው ባይመለስ እንኳ ቃሩ የምግብ ቧንቧቸውን እያቆሰለው ከሆነ ችግሩ እውነተኛ ነው፡፡ በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፡፡ አንዱ የክብደት መመለስ፣ ሌላው ቀዶ ሕክምናው ያስከተለው ጉዳት ነው፡፡ ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም፡፡

ሥሩን መፈለግ

ምክንያቶቹን ባለሙያዎች በሦስት ይከፍሏቸዋል፡፡ የመጀመሪያው የአሠራር ጉዳይ ነው፡፡ ሲቆረጥ ከሚገባው በላይ ሰፊ ሆኖ የቀረ ወይም ከጊዜ በኋላ የሰፋ ጨጓራ፣ ከቦታው የተንሸራተተ ቀለበት፣ በባይፓስ ጊዜ የተሠራው መጋጠሚያ መስፋቱ ወይም በተለያዩት ሁለት የጨጓራ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ መፈጠሩ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፡፡

ሁለተኛው የአመጋገብና የኑሮ ጉዳይ ነው፡፡ የተቀነሰ ጨጓራ ጠንካራ ምግብን እንጂ ፈሳሽን አያግድም፡፡ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ጠላና ቢራ ያለ ምንም ችግር ያልፋሉ፡፡ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚቀማመስ ሰውም ሳይታወቀው ብዙ ይበላል፡፡

ሦስተኛው ሌላ በሽታ ወይም መድኃኒት ነው፡፡ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊንና አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፡፡ ይህ ምክንያት ሳይመረመር ጨጓራን ዳግም መቁረጥ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ወለሉን እንደማደስ ይቆጠራል፡፡

ታዲያ ሥሩ እንዴት ይገኛል? በመጀመሪያ የቀድሞው ቀዶ ሕክምና ዝርዝር ጽሑፍ በእጅ መገኘት አለበት፡፡ ሐኪሙ ምን እንደቆረጠና ምን ከምን እንዳጋጠመ የሚያሳየው እሱ ነው፡፡ ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ የምግብ ቧንቧውንና ጨጓራውን ውስጡን ማየት፣ ባሪየም ጠጥቶ ራጅ በመነሣት ቅርጹን መለየት ይከተላሉ፡፡ በኢንዶስኮፒው ጊዜ በአገራችን በሰፊው የሚገኘው ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ አብሮ ይታያል፤ ካለም ይታከማል፡፡ የደም ምርመራው የደም ማነስን፣ የብረት ማዕድን ክምችትን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ዲን፣ ካልሲየምን፣ አልቡሚንን፣ ስኳርንና ታይሮይድን ይጨምራል፡፡ በመጨረሻም የሁለት ሳምንት የምግብ ማስታወሻ አለ፡፡ ከጠዋት እስከ ማታ የገባው ሁሉ፣ የተጎረሰው ጉርሻ ሳይቀር፣ ይጻፋል፡፡ ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከራጁ ያልተናነሰ ነገር ይናገራል፡፡

ያሉት ምርጫዎች

አንደኛው ምርጫ ዳግም አለመቀደድ ነው፡፡ ይህ እጅ መስጠት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ ባሪ-ኦፕቲማይዝ የተባለ የለንደን ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቂ ክብደት ያልቀነሱ 70 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፡፡ ለ24 ሳምንታት ሊራግሉታይድ የተባለውን መርፌ የወሰዱት ክብደታቸውን በአማካይ 8.8 በመቶ ሲቀንሱ፣ መድኃኒት አልባ መርፌ የተሰጣቸው 0.5 በመቶ ብቻ ቀንሰዋል፡፡ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሰማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ቀዶ ሕክምና ባላደረጉ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከዚህ የበለጠ ውጤት አሳይተዋል፡፡ ችግራቸው ሲቋረጡ ክብደቱ በአብዛኛው መመለሱ፣ ዋጋቸው ውድ መሆኑና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2024 ሐሰተኛ የሰማግሉታይድ መርፌዎች በገበያ ላይ መገኘታቸውን ገልጾ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፡፡ ስለሆነም በሰው ሻንጣ የመጣን መርፌ ምንጩን ሳያጣሩ መውጋት ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፡፡

ሁለተኛው ምርጫ ስሊቩን ወደ ባይፓስ መለወጥ ነው፡፡ በባይፓስ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የምትጠጋ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ትሠራና በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ትጋጠማለች፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል፡፡ ለውጡ ይበልጥ የሚደገፈው የምግብ ቧንቧን ለሚያቆስል ቃር ነው፡፡ በፊንላንድ 240 ሰዎችን ያሳተፈው ስሊቭፓስ የተባለው ጥናት የአሥር ዓመት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያወጣ፣ የምግብ ቧንቧ መቁሰል ስሊቭ በተሠራላቸው 31 በመቶ፣ ባይፓስ በተሠራላቸው ደግሞ 7 በመቶ ላይ ታይቷል፡፡ የክብደቱ ልዩነት ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት የሰፋ አልነበረም፡፡ ከትርፍ ክብደታቸው ስሊቭ ያደረጉት 43.5 በመቶ፣ ባይፓስ ያደረጉት 50.7 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል፡፡ ይህ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሠሩ ሰዎች ላይ የታየ ነው፡፡ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና የሚያስገኘው የክብደት ቅነሳ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፡፡

ሦስተኛው የሰፋውን ስሊቭ እንደገና ማጥበብ ነው፡፡ ሰፍቶ መቅረቱ በራጅ በግልጽ ለታየ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ቃር ላለበት ግን ቃሩን ሊያብሰው ይችላል፡፡ አራተኛው አንጀቱ ይበልጥ እንዲታለፍ የሚያደርጉ ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው፡፡ ክብደትን አብዝተው ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ፕሮቲንና ቫይታሚን የማጣት አደጋቸው ከሁሉም የከፋ ነው፡፡ በቀለበት ለታሠሩ ሰዎች ደግሞ ቀለበቱ ወጥቶ ጨጓራው እስኪያገግም ጥቂት ወራት ተጠብቆ ወደ ሌላው መሻገር የተለመደ አካሄድ ነው፡፡

የቱንም ቢመርጡ የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና አደጋ ከመጀመሪያው ይበልጣል፡፡ የቀድሞው ጠባሳ የሆድ ዕቃዎችን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ በተቆረጠው ቦታ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፤ ስፌቱ የማፍሰሱ ዕድል ይጨምራል፡፡ ስለዚህ ሐኪሙን «በዓመት ስንት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይሠራሉ? ከእነሱስ ስንቶቹ ችግር ገጠማቸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው ከዚያ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ የማያገኝ የሌላ ሐኪም አስተያየት መስማትም ተገቢ ነው፡፡

ጾሙ፣ ድግሱና የተቀነሰው ጨጓራ

ውጭ አገር የሚሰጡ የአመጋገብ መመሪያዎች እርጎ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና የፕሮቲን ዱቄት ይዘረዝራሉ፡፡ ጎጃም ውስጥ የሚኖር የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ግን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ሲደምር ከዓመቱ ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ይርቃል፡፡ ይህ ከባይፓስ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል፡፡

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፡፡ 100 ግራም የበሰለ ምስር የሚሰጠው 9 ግራም ያህል ነው፡፡ እንግዲህ 60 ግራሙን በምስር ብቻ ለመሙላት ከግማሽ ኪሎ በላይ የበሰለ ምስር መብላት ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡ ይህም ጥቂት ማንኪያ ብቻ ለሚችል ጨጓራ የሚሆን አይደለም፡፡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በአንድ ጊዜ መብላትም እንዲሁ፤ የተቀነሰ ጨጓራ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መመገብን ይፈልጋል፡፡ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፡፡ ከባይፓስ በኋላ ሰውነት ከምግብ የሚወስደው ቢ12 በጣም ስለሚቀንስ በኪኒን ወይም በየወሩ በሚሰጥ መርፌ ዕድሜ ልክ መተካት አለበት፡፡ ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በእጅና በእግር መደንዘዝ፣ በድካምና በደም ማነስ ይገለጣል፡፡

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፡፡ ይሁንና ብዙ ምእመናን ሕመማቸውን ለንስሐ አባታቸው ሳይናገሩ ይጾማሉ፤ ቀዶ ሕክምናውን በምስጢር ያደረጉት ደግሞ ጭራሽ አያነሡትም፡፡ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ከደም ምርመራው እኩል የዝግጅቱ አካል ሊሆን ይገባል፡፡

ድግሱም የራሱ ፈተና አለው፡፡ «በሞቴ!» ተብሎ የቀረበ ጉርሻን እምቢ ማለት በእኛ ባህል ቀላል አይደለም፡፡ ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፤ ቀድሞ በሁለት ብርሌ ጠጅ የማይንገዳገድ ሰው በአንዱ ሊሰክር ይችላል፤ የመጠጥ ሱስ የመያዝ ዕድሉም ይጨምራል፡፡ በተቃራኒው በፍጥነት የከሳ ሰው «ምን ነካው? ምን በሽታ ያዘው?» ይባላል፡፡ ይህን ሐሜት ለመሸሽ ብለው ሳያስፈልጋቸው የሚበሉም አሉ፡፡ ቢያንስ ከቤተሰብ አንድ ሰው ምስጢሩን አውቆ በማዕድ ላይ አጋር ሊሆን ያስፈልጋል፡፡

ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ

የሕክምና ማዕከላት ማስታወቂያ የሚያልቀው አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ነው፡፡ የታካሚው ጉዳይ ግን ከዚያ ይጀምራል፡፡ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ምርመራና የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል፡፡ የተሟላ የቫይታሚን ምርመራ ወይም ልዩ ሐኪም ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖር ይችላል፡፡ በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ ደግሞ መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ታይቷል፡፡ መንገድ ሲዘጋ የሚያልቅ የቫይታሚን ክምችት ላይ ተመሥርቶ ባይፓስ ማድረግ አያዋጣም፤ የስድስት ወር መጠባበቂያ ቤት ውስጥ መኖር አለበት፡፡

አስቸኳይ የሆኑ ነገሮችም አሉ፡፡ ባይፓስ የተሠራለት ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን አንጀቱ በውስጥ ክፍተት ሾልኮ ሊታነቅ ይችላል፡፡ ድንገተኛና ብርቱ የሆድ ቁርጠት ሲመጣ ማደር አይቻልም፡፡ በደጋው የአገራችን ክፍል የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ የተለመደ በሽታ በመሆኑ፣ የአካባቢው የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ለአንጀት መዘጋት እንግዳ አይደሉም፡፡ ነገር ግን ከፊታቸው ያለው ሰው የአንጀቱ አቀማመጥ የተለወጠ መሆኑን ካላወቁ ሊሳሳቱ ይችላሉ፡፡ ስለዚህ የተሠራውን የሚያሳይ ሥዕልና ጽሑፍ ከመታወቂያ ጋር አብሮ መያዝ፣ ኮፒውንም አስቀድሞ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ካርድ ውስጥ ማስገባት ይበጃል፡፡

ሌላው ቀናትን የሚቆይ ትውከት ነው፡፡ ቫይታሚን ቢ1 በፍጥነት ስለሚያልቅ በአንጎልና በነርቭ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል፡፡ ታካሚው «ጨጓራዬ ተቀንሷል፣ ከግሉኮሱ በፊት ቢ1 ይሰጠኝ» ብሎ መናገር መቻል አለበት፡፡ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥና ሲጋራ ማጨስም መጋጠሚያውን ያቆስላሉ፡፡ መውለድ የሚሹ ሴቶች ከ12 እስከ 18 ወራት መቆየት ይኖርባቸዋል፡፡ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ ሙሉ በሙሉ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዘዴ መምረጥ ያሻል፡፡

ገንዘቡም ከሚነገረው በላይ ነው፡፡ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ሕክምና በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፡፡ በዚህ ላይ የዕድሜ ልክ ቫይታሚን፣ ምርመራ፣ ትራንስፖርትና ችግር ቢፈጠር ዳግም የመጓዝ ወጪ ይጨመራል፡፡ ይህን ሁሉ ሳይደምሩ «ጥቅሉ ይህን ያህል ነው» የሚለውን ዋጋ ብቻ ይዞ መወሰን የቤት ዋጋን ሳይጠይቁ የበሩን ዋጋ እንደመክፈል ነው፡፡

ለወይዘሮዋ ምን እንበል?

ወደ ባንክ ባለሙያዋ እንመለስ፡፡ ኢንዶስኮፒው የምግብ ቧንቧቸው በቃሩ ክፉኛ መቁሰሉን ካሳየና መድኃኒት ካልመለሰው፣ ወደ ባይፓስ መለወጡ ጥሩ ምክንያት አለው፡፡ እሱም ቢሆን ቢ12ቱን፣ የጾሙን ጉዳይና ዓመታዊ ክትትሉን አስቀድመው ካደራጁ ነው፡፡ ቧንቧው ደህና ከሆነ፣ የጨጓራውም ቅርጽ ካልተበላሸና የምግብ ማስታወሻው ስኳር የበዛበት ሻይንና የማታ መቀማመስን ካሳየ ግን፣ ያለባቸውን የቃር ሕመም በመድኃኒት እየተቆጣጠሩ በአመጋገብ ባለሙያና በክብደት መቀነሻ መድኃኒት ለስድስት ወራት መሞከር ይቀድማል፡፡ ቢላውን በኋላም ማግኘት ይቻላል፤ የተቆረጠውን መመለስ ግን አይቻልም፡፡

ሚዛኑ በሁለቱም ሁኔታ 101 ኪሎ ነው፡፡ መልሱ ግን የተለያየ ነው፡፡ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚያስቡ አንባቢያን ከሐኪማቸው ፊት ሲቀርቡ ከኪሎአቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ይዘው ቢቀርቡ ይበጃቸዋል፡፡ እነሱም የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጽሑፍ፣ የሁለት ሳምንት የምግብ ማስታወሻና ከሕክምናው በኋላ አገር ቤት ማን እንደሚከታተላቸው የሚገልጽ እቅድ ናቸው፡፡ ሦስተኛው በእጃቸው ከሌለ ገና የመወሰኛው ሰዓት አልደረሰም፡፡